ሁለተኛ ያልተጠየቀ እንግዳ

ብቻውን የሚኖር ሰው ቆጣሪ ይሆናል። ይህን የምላችሁ አጥንቼ ሳይሆን ሆኜ ነው። ቤቱ የሞላለት ሰው ምኑን ይቆጥራል? ልጁ ይሮጣል፣ ዶሮዋ ትበራለች፣ እንግዳው ገባ ሲሉት ይወጣል፤ አንዱም ነገር አንድ ቦታ አይቆምለት። ብቸኛ ሰው ግን ጠዋት የተወውን ብርጭቆ ከሰዓት በኋላ እዚያው ያገኘዋል። ታዲያ ምን ያድርገው? ይቆጥረዋላ!

ከቢቸናው ቤቴ ደጃፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ስድስት መቶ አርባ ሁለት እርምጃ ነው፤ በክረምት ጭቃውን ስዞር ሰባት መቶ ይጠጋል። ሳሎኔ ውስጥ አሥራ አንድ ወንበር አለ። ሰው የሚቀመጠው በአንዱ ነው፤ ሰውየውም እኔ ነኝ። የቀሩትን አሥሩን ቅዳሜ ቅዳሜ እወለውላቸዋለሁ፤ ተስፋ እንዳይቆርጡ ብዬ ነው።

ደግሞ አዝኖ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ከጉንደ ወይን ገጠር በአንድ ቁምጣ መጥቼ፣ ጆንያ ተሸክሜ፣ ወፍጮ ቤት ጠርጌ፣ በመጨረሻ ወፍጮውን ራሱን የገዛሁ ሰው ነኝ። በግቢዬ ውስጥ እጄ ያላረፈበት ግድግዳ የለም። ሦስት ልጆች አስተማርኩ፤ ተማሩና ሄዱ። ልጆቻቸውን ያላስተማሩ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸው አጠገባቸው ናቸው፤ ይህንንም ቆጥሬዋለሁ። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ያለውን ክፍል አከራየሁት። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ይጮህብኝ ስለነበር እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ተከራዮቼ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ናትናኤል ይባላል፤ የአዳማ ልጅ ነው፤ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ይሠራል። ሚስቱ ሰላም ነርስ ናት፤ እሷ እንኳ የደብረ ማርቆስ ልጅ ስለሆነች የኛን ጠባይ ታውቃለች። አንድ ቀን ናትናኤል አንገቱን ሰበር አድርጎ መጣና፣ «ጋሼ ይግዛው፣ እሁድ ከሰዓት ትልቁን ጠረጴዛዎን ቢፈቅዱልን?» አለኝ። ጠረጴዛው ለስምንት ሰው የተሠራ ነው፤ ዓውደ ዓመት ሲመጣ ልጆቼ ይከቡታል ብዬ ያሠራሁት። ልጆቼ ዓውደ ዓመት ሲመጣ የሚደውሉ ሆኑ፤ ለስልክ ደግሞ የስምንት ሰው ጠረጴዛ አያስፈልግም። ፈቀድኩ።

እሁድ አራት ሆነው መጡ። ባልና ሚስቱ፣ ጀማል የሚባል የሞጣ ልጅ፣ እሱ እዚህ ቢቸና ሒሳብ ያስተምራል፣ እና አንድ ዝምተኛ የግብርና ባለሙያ። ወረቀት ዘረጉ፣ እርሳስ ቀረጹ፣ ከዚያ ናትናኤል ከኪሱ አንዲት ጠጠር አወጣ። በሉዶ የምትወረወረዋን ትመስላለች፤ የሉዶዋ ግን ስድስት ፊት ነው ያላት። ይቺን አንስቼ ቆጠርኳት፤ ሃያ ፊት! ስድስት ፊት ያላት ጠጠር ስንቱን ሰው ከርስቱ እንደነቀለች እያወቅሁ፣ ሃያ ፊት ያላት ምን ልታደርግ ነው? ቁማር ነው ብዬ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ገንዘብ አልወጣም። ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ፤ አልወጣም። ያን ጊዜ ይበልጥ ጠረጠርኩ። ገንዘብ ሳይኖር አራት የተማሩ ሰዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚጨቃጨቁበት ነገር ምንድን ነው?

ነገሩን ሰላም አስረዳችኝ። አንድ የፈረንጅ ደራሲ ባለ አምስት ቅጽ ልብ ወለድ ጽፏል። ክፉ ንግሥት ወንዞቹን ሁሉ ከተራራ ሥር ያሰረችበት፣ ሰማዩ በውኃ ፈንታ አመድ የሚያዘንብበት አገር ታሪክ ነው። አራት መንገደኞች ወንዞቹን ሊፈቱ ይነሳሉ። ይህን መጽሐፍ ሌሎች ሰዎች ደግሞ ወደ ጨዋታ ለወጡት። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠህ፣ አንተ ራስህ ከመንገደኞቹ አንዱን ትሆናለህ። ናትናኤል ተራኪ ነው፤ «ገደል አፋፍ ላይ ደርሳችኋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የምታደርገውን በአፍህ ትናገራለህ። ይሳካ አይሳካ ጠጠሯ ትፈርዳለች። በቃ ይኸው ነው።

ትልልቅ ሰዎች ጤፍ ሳይነፉ፣ ግንብ ሳይገነቡ፣ ቁጭ ብለው ተረት ያወራሉ ማለት ነው! እንዴት ያለ ሥራ ፈትነት ነው ብዬ በልቤ ተቆጣሁ። በሚቀጥለው እሁድ ግን ጋዜጣዬን ይዤ እዚያው ጥግ ነበርኩ። ጋዜጣው ያው ያለፈው ነው፤ ማንም አላስተዋለብኝም።

በወሩ የግብርና ባለሙያው ወደ ደብረ ኤልያስ ተዛወረና መንገደኞቹ ጎደሉ። ናትናኤል ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡልን» አለኝ። እንግዲህ እኛ አገር አንድ ሰው «ና» ተባለ ብሎ ወዲያው እንደማይመጣ ታውቃላችሁ። አንደኛው ጥሪ ለወጉ ነው፤ ሁለተኛው ለመፈተኛ ነው፤ ሰው የሚነሳው በሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው የተነሳ እንደሆነ፣ ድሮም እዚያው ቆሞ ሲጠብቅ ነበር ይባላል። እኔ በእርግጥም ስጠብቅ ነበር፤ ለዚያም ነው ይበልጥ መግደርደር የነበረብኝ። «ኧረ ተዉኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ!» አልኩ። «ኧረ ጋሼ!» አለች ሰላም። «ዓይኔም አያይ» አልኩ። «በሞቴ!» አለች። በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? ወንበሬን ሳብ አደረግሁ። ከአሥራ አንዱ አምስተኛው ነበር፤ ከተገዛ ጀምሮ ተቀምጬበት አላውቅም።

ማንን መሆን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ጎራዴ መዛዥ፣ አስማተኛ፣ አዝማሪ፣ ሌባ ሁሉ አለ። «ስንቅ የሚይዘው ማነው?» አልኩ። ተያዩ። በአምስቱ ቅጽ ውስጥ ስንቅ የያዘ ሰው የለም! አራት ሰዎች በአመድ ውስጥ ሦስት ወር ሲሄዱ ምን እንደሚበሉ ደራሲው አንድ ቃል አልተነፈሰም። እዚህ ላይ አስተያየቴን ሳልሰጥ አላልፍም። ካርታቸውን አየሁት፤ ተራራው ያምራል፣ ግንቡ ያምራል፤ ገበያ ግን የለበትም። ሰው ጨው ከየት ይገዛል? ንግሥቲቱ ስድስት ሺህ ፈረሰኛ አላት ይላል። ወንዙ ታስሮ፣ ሰማዩ አመድ እያዘነበ፣ የስድስት ሺህ ፈረስ ገለባ ከየት መጣ? እኔ ደራሲውን ባገኘው የምጠይቀው ስለ ዘንዶው አይደለም፤ ስለ ገለባው ነው።

ለማንኛውም ስንቅ ያዥ ሆንኩ። በወረቀቴም ላይ ቁጥር ሰጡኝ፦ ጉልበት ስድስት፣ ብልሃት አሥራ አምስት፣ ዕድል ዘጠኝ። ወረቀቱን ወደድኩት። ሰው ስንት እንደሆነ በዕድሜ ዘመኑ አንዴ እንኳ በጽሑፍ ቢሰጠው ምን አለበት? አንድ ነገር ብቻ ጎደለብኝ። «ብወድቅ ስንት ሰው ነው የሚያነሳኝ? ይሄ የት ይጻፋል?» አልኩት ናትናኤልን። ሕጉን አገላበጠና፣ «ጋሼ፣ ለሱ ቦታ የለውም» አለኝ። አልተከራከርኩም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን እሁዶች እንዴት ልንገራችሁ? ቅዳሜ ወንበር ስወለውል አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ስምንተኛውን አልወለውላቸውም ነበር፤ እሁድ ሰው ተቀምጦባቸው ስለሚውል አቧራ የላቸውማ! አንድ ጊዜ ዘንዶ ዋሻ አፍ ላይ ሲደርስብን እኔ የቀረንን ቆሎ ልቁጠር አልኩ። ጎራዴ መዛዡ ጀማል በሳቅ ሞተ፤ «ጋሼ፣ ዘንዶ ሊበላን ነው፤ እርስዎ ቆሎ ይቆጥራሉ!» አለኝ። «አንተን ከበላህ የአንተ ድርሻ ይተርፋላ! ማወቅ አለብኝ» አልኩት። ሰላም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በዚያ ሳሎን ውስጥ እንደዚያ ከተሳቀ ስንት ጊዜው እንደሆነ እንኳ ልቆጥር ሞክሬ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከእለታት አንድ እሁድ፣ መንገደኞቹ በአመድ ዝናብ ተደብድበን የአንድ ባላባት ግንብ በር ላይ ደረስን። በሩ ተከፈተ፤ በረኛው ፋኖስ ይዞ፣ «እንግዶች፣ ግቡ፤ እሳት ነዷል፤ ምግብ ቀርቧል» አለ፤ ማለትም ናትናኤል አለ። በዕድሜ ታላቅ ስለሆንኩ መልሱን ለኔ ተዉልኝ። እኔም እንደ አደግሁበት፣ «አይ፣ እግዜር ይስጥልን፤ አናስቸግራችሁም፤ መንገደኞች ነን» አልኩ። ከዚያ እጄን አጣምሬ ሁለተኛውን ግብዣ ጠበቅሁ።

ናትናኤል ጠጠሯን ወረወረ፤ አራት ወጣ። «በረኛው ‹መልካም መንገድ› ብሎ በሩን ዘጋው» አለ።

እንዴት ይዘጋዋል? አመድ እየዘነበ፣ ሽማግሌ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ አንዴ ብቻ ጠይቆ! የጨዋታው ሕግ እንዲህ ነው አሉኝ፤ ከአፍ የወጣ ሆነ ነው። ሰላምን፣ «መጽሐፉ ላይ እዚህ በር ሲደርሱ ምን ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሦስተኛው ቅጽ ላይ ዋናው ጀግና «እንገባለን!» ብሎ ዘው እንደሚል ነገረችኝ። አስቡት! ወንዝ ሊፈታ የወጣ ጀግና፣ ግን ያላሳደጉት ልጅ!

ናትናኤል ሊያዝንልኝ ፈለገ መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ የምርዎን ነበር እንዴ? ካልሆነ መልሰን እንክፈተው» አለ። እዚህ ላይ «የምሬን አልነበረም» ብል ኖሮ ይህን ወግ ባላነበባችሁት። ነገር ግን ከአንድ ቁምጣ ተነስቶ ወፍጮ የገዛ ሰው ያለውን ነገር አያጥፍም። «ምን ነካህ! እኔ የምለውን የማላውቅ መሰልኩህ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የኔ ቃል አንድ ነው» አልኩ። ልጁ እጅግ አከበረኝ። ሦስታችንም መንገደኞች በሩ ላይ አመድ ውስጥ እንደቆምን የዚያን ዕለቱ ጨዋታ አለቀ።

በሳምንቱ ለባልና ሚስቱ የዝውውር ደብዳቤ መጣላቸው፤ ወደ ሞጣ። ዕቃቸውን ሲጭኑ ቆጠርኩት፤ አሥራ አራት ካርቶን፣ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ባልዲ። ጀማልም ቢሆን ከእንግዲህ ቅዳሜና እሁድ ሞጣ እናቱ ዘንድ ሊውል ነው፤ ስለዚህ ጨዋታው እናቱ ቤት ሊሆን ነው። ናትናኤል እጄን ጨብጦ፣ «ጋሼ፣ እሁድ እሁድ ሞጣ ብቅ ይበሉ እንጂ። መኪና እንደሆነ አይጠፋም» አለኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን ከልቤ ቀድሞ ያደገ ነው፤ «አይ፣ እኔ የት አባቴ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴም እሺ አይል» አለ። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ።

ናትናኤል አንገቱን በአክብሮት ነቀነቀ። «ገባኝ ጋሼ። የእርስዎ ቃል አንድ ነው።» ሰላም ልትናገር አፏን ከፈት አድርጋ ነበር፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሄዱ።

አምስት እሁድ አለፈ። በየእሁዱ ጠረጴዛው ላይ ስልኬን አኖረዋለሁ፤ የስምንት ሰው ጠረጴዛ ለስልክ አገለገለ። ከኋላ ያለው ክፍል መጮህ ጀመረ። ይገርማችኋል፣ አብልጦ የሚያሳስበኝ ስንቅ ያዡ ነበር። እሱ እዚያ በር ላይ አመድ ውስጥ ቆሟል፤ እኔ እዚህ አሥራ አንድ ወንበር መሐል ተቀምጫለሁ። ሁለታችንም በአንድ አፍ ነው ውጭ የቀረነው። ቆሎው እስካሁን ማለቅ አለበት፤ ድርሻ ድርሻውን አስልቼዋለሁ።

በስድስተኛው እሁድ ተነሳሁ። እርግጥ ሰው በባዶ ምክንያት አይሄድም፤ ሞጣ አንድ የወፍጮ ድንጋይ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ እሱን ለማየት ነው የሄድኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ከደብረ ወርቅ ጀምሮ «እሺ» ማለት ተለማመድኩ። ያስቃል አትበሉ፤ ስልሳ ዓመት ሙሉ «አይ» ያለ ምላስ በአንድ ቀን አይቃናም። ጉንደ ወይን ስንደርስ ሠላሳ ሰባት እሺ ሞልቶልኛል። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ቦታ ቀየረች።

የጀማል እናት ወይዘሮ ዘሃራ ሞጣ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ ቤታቸውን የማያውቅ የለም። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ማንነቴን ስነግራቸው፣ «ውይ፣ ልጄ ቆሎ ቆጣሪው የሚላቸው! ይግቡ እንጂ» አሉ። «እሺ» አልኩ፤ ገና «እንጂ»ን ሳይጨርሱ። «ምሳ ልስጥዎ?» «እሺ።» ለክርስቲያን እንግዳ የሚቀርበውን ያውቃሉ፤ ሽሮና እንቁላል አመጡልኝ። «መንገዱ ሩቅ ነው፤ መቼም ያድራሉ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ወይዘሮ ዘሃራ ቀና ብለው አዩኝ። በኋላ እንደገባኝ ቢያንስ ሦስት እምቢታ ጠብቀው ነበር። ተነስተው ከሣጥን ውስጥ አንድ ነገር ይፈልጉ ጀመር፤ ከዚያ አንሶላ መሆኑን አየሁ።

ልጆቹ ጠረጴዛ ከበው ነበር። ሲያዩኝ ተነሱ። ጨዋታው የት ደረሰ ብዬ ብጠይቅ ለካ የትም አልደረሰም! አምስት እሁድ ሙሉ ተሰብስበው ሻይ ጠጥተው ተበታትነዋል። «ስንቅ ያዣችን በሩ ላይ ቆመው እንዴት አልፈናቸው እንሂድ?» አለች ሰላም። «ታዲያ አትደውሉም ነበር?» አልኩ። «እኔስ ልደውል ነበር» ብላ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ናትናኤል አቀርቅሮ፣ «እምቢ ካሉ በኋላ መጨቅጨቅ ቃልዎን መናቅ መሰለኝ» አለ። እኔ ስልኩን እያየሁ፣ እነሱ ስልኩን እያዩ፣ አምስት እሁድ! ከዚህ የባሰ አመድ የትኛው ቅጽ ላይ አለ?

ናትናኤል ወረቀቶቹን ዘረጋ፤ የኔም ወረቀት አለ፣ ብልሃት አሥራ አምስት እንደተባለ ነው፤ ይህን ቁጥር ዝቅ ሊያደርገው ይገባ ነበር። «በሩ ገርበብ አለ» ብሎ ጀመረ፤ «በረኛው ፋኖሱን ይዞ እንደገና ወጣ። ‹እንግዶች፣ አመዱ እየከፋ ነው፤ አትገቡም?› ይላል። ጋሼ፣ ምን ይሉታል?»

ሁሉም አዩኝ። እኔ ደግሞ ሦስት እሺ በአንድ ቀን ማለቴ ትዝ አለኝ፤ ለአንድ የጎጃም ሽማግሌ ይህ ከልክ በላይ ነው። «አይ፣ እንግዲህ አናስቸግራችሁ» ሲል ሰማሁት፣ አፌን። ጀማል ራሱን ያዘ። ናትናኤል ጠጠሯን አነሳ። ይህን ጊዜ ከጓዳ፣ ስለ ጨዋታው ምንም የማያውቁት ወይዘሮ ዘሃራ፣ «ወላሂ ይገባሉ! ሰው በር ላይ አይቆምም!» ብለው ጮኹ።

በጠረጴዛው ዙሪያ የተባለ ሁሉ ሆነ ነው። ጓዳው የጠረጴዛው ዙሪያ ነው አይደለም ብለው ሲከራከሩ ጀማል እናቱን ደግፎ ረታ። ገባን። እሳት ነዷል፤ ምግብ ቀርቧል። ስንቅ ያዡ አመዱን አራግፎ ተቀመጠ።

ሰኞ ጀማል ለሥራ ወደ ቢቸና ሲመለስ አብሬው መሄድ ነበረብኝ። ወይዘሮ ዘሃራ ግን «ይሰንብቱ እንጂ» አሉኝ፤ እኔም የተለማመድኩት እሺ ስለተረፈኝ ተጠቀምኩበት። ማክሰኞ ጠዋት፣ ልብሴን ለብሼ ስወጣ፣ አሁንም «ይሰንብቱ እንጂ» አሉኝ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል፤ ቆጠርኩ፣ ብረት ላይ ደርሻለሁ። ስለዚህ ለወጉ ያህል፣ «አይ፣ ልሂድ እንጂ፣ አስቸገርኩ» አልኩና ቆሜ ጠበቅሁ።

ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ዱላዬን አቀበሉኝ። ዱላዬ በሩ አጠገብ ተደግፎ ነበር፤ እኔ ያስቀመጥኩት አልጋው ራስጌ ነው።

አሁን ይህን የምጽፈው ቢቸና፣ አምስተኛው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። የወፍጮ ድንጋዩን ሳላየው ተመለስኩ፤ እሱን ማየት ስላለብኝ እሁድ መሄዴ አይቀርም። እስከዚያ አምስት ቀን አለ። በዚህ ጊዜ ማንም ና አላለኝም፤ ይህም በጀኝ፤ እምቢ የምለው ሰው የለም።